ያልተሣለው መንገደኛ

የኮሪንን አበቦች በመጽሐፍ ውስጥ ያየን ዕለት ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ «ይኼማ የሀብታም ቤት ጌጥ ነው፤ ሰው የት አለበት?» አለ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አላገኘንለትም።

ኦጋታ ኮሪን (እ.ኤ.አ. 1658–1716) የኪዮቶ ሠዓሊ ነው። ዛሬ በቶኪዮው ኔዙ ሙዚየም ያለው ይህ ሥራው ስድስት ስድስት እጥፍ ባላቸው ሁለት ታጣፊ መከለያዎች ላይ የተሣለ ነው። መደቡ ወርቅ፤ በላዩ ካኪትሱባታ የሚባለው ሰማያዊ የውሃ ዳር አበባ ብቻ። ውሃው እንኳ የለም።

ነገሩ ግን ከግጥም የመነጨ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት «የኢሴ ተረኮች» ውስጥ አንድ ሰው በዋና ከተማው ለራሱ ቦታ ቢያጣ ወደ ምሥራቅ ይሰደዳል። ያትሱሃሺ፣ ማለትም ስምንት ድልድይ፣ በሚባል ስፍራ ከጓደኞቹ ጋር ስንቁን ሊበላ ይቀመጣል። አበባው ፈክቷል። በአበባው ስም አምስት ፊደላት አምስቱን ስንኝ እየጀመረ እንዲገጥም ይጠይቁታል። ትቷት የመጣትን ሚስቱን አስቦ ገጠመ። ሁሉም አለቀሱ፤ ደረቁ ሩዝ በእንባ ራሰ።

እንግዲህ ሰሙ አበባው፣ ወርቁ ናፍቆቱ ነው። ታዲያ የሚያለቅሰውን ሰው አውጥቶ አበባውን ብቻ መሣል ሐዘኑን መካድ አይደለም?

አይደለም እንላለን። ኮሪን ሐዘኑን ለተመልካቹ አደራ ሰጠው። ሰውየው ተሥሎ ቢሆን «ምስኪን!» ብለን እናልፈው ነበር። ቦታው ባዶ ሲሆን ግን እዚያ የምንቀመጠው እኛ ነን።

ጓደኛችን ይኼን ሰምቶ፣ «ለኔ ነገራችሁኝ፤ ያልተነገረውስ?» አለ። እዚህ ላይ እውነት አለው። አደራው ለሚያውቅ ብቻ ከሆነ ዝምታው በር መዝጊያ ይሆናል። ነገር ግን ኮሪን ራሱ መኰንን አልነበረም፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። የመኳንንቱ ተረክ እ.ኤ.አ. በ1608 ኪዮቶ ውስጥ ከነሥዕሉ ታትሞ ከቤተ መንግሥት አጥር ወጥቷል። ሥዕሉ ዝም ለማለት የበቃው ሌሎች አስቀድመው ስላወሩለት ነው።

ስለዚህ ዕዳው የሠዓሊው ብቻ አይደለም። ኮሪን እ.ኤ.አ. ከ1709 በኋላ በሣለው ሌላ መከለያ ላይ ድልድዩን ጨምሯል፤ ሰውየው ግን አሁንም የለም። እሱን መንገር የሚያውቁት ሰዎች ዕዳ ነው። አውቆ ዝም ያለ ግን ግጥሙን የግል ንብረቱ ያደርገዋል።

ጓደኛችን ዛሬም «ጌጥ ነው» ይላል። ታሪኩን ግን ለሌሎች ሲያወራ ሰምተነዋል።