የማዶ ዳኛ

ከትንሽ ጉዳይ ልነሣ። በሮቢት ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር አንዲት እናት ስሟ ከሴፍቲኔት ዝርዝር ሳይገባ ቀረ እንበል። ዝርዝሩን ያወጡት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ በሕዝብ ፊትም ተነቧል። ለምን ቀረሁ ብትል ተነግሯታል፦ «ከተማ የሚሠራ ልጅ አለሽ።» እሷ ደግሞ ልጁ ገንዘብ መላክ ካቆመ ከርሟል ትላለች። ይህች ሴት ውሳኔውን የመቀበል ግዴታ አለባት? ካለባትስ ግዴታው ከየት ይመጣል? መቀበል ስል ዝም ማለትን አይደለም፤ ዝምታማ በየቤቱ ሞልቷል። «ተጎድቻለሁ፤ የወሰኑት ግን ለመወሰን መብት ነበራቸው» ብሎ ማደርን ነው።

ስለ መንግሥት ሥልጣን የሚፈላሰፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዙፋን፣ ሠራዊትና ሕገ መንግሥት ይዘው ነው የሚነሡት። አብዛኛው ሰው ግን መንግሥትን የሚያገኘው በዝርዝር ላይ ነው፤ ስሙ ተጽፎ ወይም ተዘልሎ። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ወረዳ ምክር ቤት ማውረድ ማሳነስ አይመስለኝም።

ሮቢት (የሸዋዋ አይደለችም) በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦና አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በምዕራብ የግዳን ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ በመካከሉ ሜዳው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ዝናቡ አጭርና የማይታመን በመሆኑ ገበሬው ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ አይጠብቅም፤ ከደጋው በደራሽ የሚመጣውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመልሳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወረዳው ከ220 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። የዚህን ሁሉ ሰው ጉዳይ የሚያይ፣ ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው እንግዲህ የወረዳው ምክር ቤት።

የጉባኤውን ሥራ ከውጭ ለሚያየው እንቅልፍ ያመጣል። አፈ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ያረጋግጣል፤ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ ዋና አስተዳዳሪው ሪፖርት ያቀርባል። ይህን ያህል ሄክታር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ተሠራጨ፣ አፈጻጸሙ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ነው። ጥቂት ሰዎች ይጠይቃሉ፤ «እንደ ጉድለት ተወስዷል» ይባላል፤ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። (ከየቀበሌው የመጣ ይህን ያህል ሰው በማዳበሪያ ላይ አንድ ልብ ሲሆን፣ ሁሉም ተስማምቷል ወይስ ሁሉም ሰዓቱን አይቷል ብሎ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም።) በጀቱም ቢሆን ብዙ የሚያወዛግብ የለውም። በ1994 ዓ.ም. ያልተማከለው አሠራር ወደ ወረዳ ከወረደ ወዲህ ክልሉ ጥቅል በጀት ይሰጣል፤ አብዛኛው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ነው። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፤ ነዳጅ፣ አበልና ወረቀት ማለት ነው። ተጠራጣሪው «ታዲያ ምን የሚወስነው አለ?» ቢል መልሱ «ጥቂት» ነው። ሥራው ግን መወሰን ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ወደ እናቲቱ ልመለስ። ለምን ትቀበል ለሚለው የተለመዱት መልሶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ስለ ተመረጡ» የሚል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል፤ የክልሉም ሕገ መንግሥት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አቋቁሟል። ይሁንና በገጠር የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። የማስገደድ ኃይል ከድምፅ መስጫው ሳጥን ብቻ የሚመነጭ ቢሆን፣ ከ2010 በኋላ የተወሰነው ሁሉ ባዶ ቅርፊት በሆነ ነበር። ሰው ግን እንደዚያ አልኖረም። ለቀበሌው አቤት ይላል፣ የይዞታ ደብተሩን ያሳድሳል፣ ውሳኔ ሲዛባበት «ተዛባ» ይላል። ተዛባ ማለት ደግሞ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ምርጫው ብቸኛው ምንጭ አይደለም።

ሁለተኛው «ትክክል ስለ ወሰኑ» ይላል። ይህ ለባለሙያ የሚመች መልስ ነው፤ መረጃ ሰብስብ፣ መስፈርት አውጣ፣ ማሳና ከብት ቁጠር፣ ድሃው ይለያል። ችግሩ የእናቲቱ ክርክር ያለው የባለሙያው ቅጽ በማይደርስበት ቦታ መሆኑ ነው። ልጇ ገንዘብ መላክ ያቁም አያቁም የሚያውቅ ጎረቤት እንጂ ቢሮ አይደለም። በዚያ ላይ ትክክል የሆነ ውሳኔ ሁሉ አያስገድድም። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ስለ ገንዘቤ አጠቃቀም ትክክለኛ ነገር ቢነግረኝ ልሰማው እችላለሁ፤ ልታዘዘው ግን ግዴታ የለብኝም።

ሦስተኛው መልስ «ቅርብ ስለሆኑ» የሚል ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የሳበኝ ይህ ነው። ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤት ነገም ፊቷን ያያል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። ነገር ግን ታሪካችን በዚህ መልስ ላይ ጥሩ ምስክርነት አልሰጠም። ጭቃ ሹሙ ከማንም በላይ ቅርብ ነበር። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያቋቋመው የገበሬ ማኅበርም ቢያንስ 800 ሄክታር የሚሸፍን፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎ ያለው፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ነበር። ቅርበት ዕውቀትን ይዞ ሲመጣ ቂምን፣ ዝምድናንና ይሉኝታን አብሮ ይዞ ይመጣል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ፣ በተለይ በጎጃም፣ በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ አንዱ ገበሬ ሌላውን «ቢሮክራት» ወይም «ፊውዳል» ተብሎ ሲፈረጅ ቁጭ ብሎ አይቷል፤ የተፈረጀው መሬቱ ተቀነሰ። ፍረጃው የወረደው ከላይ ነበር፤ ስሙን የሞላው ግን ጎረቤት ነው። የሩቁ ትእዛዝና የቅርቡ ቂም እጅ ለእጅ ሲያያዙ ከሁለቱም የከፋ ነገር ይወለዳል።

ለፍርድ እንግዲህ ቅርበትም ያስፈልጋል፤ ርቀትም ያስፈልጋል። ይህ ተቃርኖ ይመስላል፤ ርቀት ስንል ከላይ ያለውን ብቻ ስለምናስብ።

ሌላ ዓይነት ርቀት ግን አለ። በስፔን በቫሌንሲያ ከተማ የውሃ ፍርድ ቤት የሚባል እጅግ ጥንታዊ ጉባኤ አለ። ዘወትር ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ይሰየማል። ዳኞቹ በየቦዩ ተጠቃሚ ገበሬዎች የመረጧቸው ገበሬዎች ናቸው፤ ጠበቃ የለም፤ ክርክሩ በቃል ብቻ ነው፤ ፍርዱም እዚያው በሰው ፊት ይሰጣል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አንድ ደንቡ ነው። ተከሳሹ ከወንዙ በአንደኛው ዳር ያለ ቦይ ተጠቃሚ ከሆነ፣ ፍርዱን የሚሰጡት በሌላኛው ዳር ያሉት ናቸው። የማዶዎቹ ውሃ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ድርቅ ሲመጣ እነሱም ይጠማሉ፤ በተከሳሹ ማሳ ላይ ግን ጥቅም የላቸውም። ከላዩ አይደሉም፤ ከማዶው ናቸው። በሌላ ቀን ደግሞ እነሱ ይከሰሱና የእሱ ወገን ይፈርድባቸዋል።

ለራያ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የሆርማትና የጎሊና ወንዞች በክረምት በሌሊት ሲደርሱ ከላይ ያለው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል፤ ከታች ያለው ይጠብቃል። የላይኛው ሁሉን ጠልፎ ቢያስቀር የታችኛው ማሽላ ይደርቃል፤ የታችኛው በንዴት ጠለፋውን ቢያፈርስ ሁለቱም ያጣሉ። ለዚህ ነው የውሃ አባት የሚመረጠው፣ ተራ የሚወጣው፣ ተራ ያፈረሰ የሚቀጣው። ከደም ጋር የተያያዘው ጠብ ደግሞ በራያ በዘወልድ፣ በሰፊው ወሎ በአበጋር ይታያል፤ ሼኩም ቄሱም ሽማግሌውም ባሉበት። እነዚህ ማንም ድምፅ ሳይሰጣቸው ያስገድዳሉ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን ይሁን ብለው ስለ ተቀመጡ ነው። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦን አልፎ ወደ ወልዲያ ወርዶ ጽሕፈት ቤቶቹ ባዶ ሲሆኑ፣ ሙት መቅበርና ጠብ ማብረድ የወደቀው በእነዚሁ ላይ ነበር። ሆኖም ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣላን ነው፤ ስንዴና ብር የሚያከፋፍል ተቋም ግን የተረሳችውን ሴት ፈቃድ ጠይቆ አይረሳትም።

የወረዳ ምክር ቤት ተገቢ ቦታ የማዶ መሆን ነው የምለው ለዚህ ነው። በዚያው ወረዳ ካለችው ከጎቢዬ የመጣው ተመራጭ የሮቢቷን እናት ልጅ በስሙ አያውቀውም፤ «ልጁ አልላከም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ያውቃል፤ የእሱም መንደር ልጆች ከተማ ሄደው ጠፍተዋል። ከዞብል በኩል የመጣው ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ዕድርም ድንበርም የለውም። የሴፍቲኔቱ አሠራር ራሱ በወረቀት ደረጃ ይህን ተረድቷል፤ ዝርዝሩን ያወጡት ራሳቸው ቅሬታ እንዳይሰሙ የተለየ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ በቀበሌ ያልተፈታው ወደ ወረዳው ምክር ቤት ይሄዳል። የሪፖርቱ በመቶኛ ያለ ምክር ቤቱም ወደ ዞን ይደርሳል። የእናቲቱ አቤቱታ ግን ምክር ቤቱ ካልሰማው ሌላ የሚሰማው የለም። ሆኖም የጉባኤው ሰዓት የሚያልቀው በሪፖርቱ ነው። ምክር ቤቱ ማዶነቱን ትቶ የላይ ሰዎች ደብዳቤ የሚያልፍበት መሰላል ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ማዶና ማዶ ሲፈራረዱ የሚኖሩ ሰዎች ሊመሳጠሩስ? የጎቢዬው የሮቢቱን ኮሚቴ ይሸፍናል፤ በሚቀጥለው የሮቢቱ የጎቢዬውን። ይህ ሥጋት አይደለም፣ የሚሆን ነገር ነው። ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ የሚለው ስምምነት ፍትሕን ሊያቆም እንደሚችል ሁሉ ሌብነትንም ሊያቆም ይችላል። ቫሌንሲያዎቹ ይህን የሚከላከሉት በበሩ ነው፤ ክሱ የሚሰማው ተጎጂው፣ ከሳሹና መንገደኛው ባሉበት ነው። የተዘጋ የማዶ ጉባኤ ከተዘጋ የጎረቤት ኮሚቴ አይሻልም። ስለዚህ ማዶነት ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፦ የሚጎዳው ሰው ባለበት፣ ምክንያቱ በፊቱ እንዲነገር።

ምርጫውም ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ቀደም ብዬ ምንጩ እሱ ብቻ አይደለም አልኩ፤ አላስፈላጊ ነው ግን አላልኩም። ምርጫ ተመራጩን አዋቂም ፍትሐዊም አያደርገውም፤ መስማት እንቢ ያለውን ያነሣል። ይህ ኃይል በሕዝቡ እጅ ሳይኖር አቤቱታ ቢሰማ፣ መሰማቱ መብት መሆኑ ቀርቶ ውለታ ይሆናል፤ እናቲቱም ምክንያት ስትጠይቅ ሳይሆን ስትለምን ትገኛለች። ከ2010 ወዲህ የጎደለው ይህ ነው፦ ውሳኔዎቹ በጅምላ ባዶ አልሆኑም፤ የሰሚው ግዴታ ግን ላልቷል። የዘገየው ምርጫ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍሉት በአብዛኛው ከዝርዝር የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ ለሌላው የዘገየ ቀጠሮ ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የአውራጃ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ገንዘቡን የሚያስገኝለት ሕግ በፓርላማ ሳይጸድቅለት ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ራያና ቆቦ ያን ጊዜ አውራጃ ነበር።

አሁን የቀረውና ከሁሉ የሚከብደው ኮታው ነው። የተጠቃሚው ቁጥር ከላይ ተቆርጦ ይመጣል። ምክር ቤቱ በትክክል ሰምቶ፣ ልጇ መላክ ማቆሙን አረጋግጦ፣ እናቲቱ ትግባ ቢል፣ አንድ ሌላ ስም መውጣት አለበት። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለአቤት ባይዋ ነበር፤ የሚወጣው ሰው ግን አቤት አላለም፤ ምናልባትም ማሳው ላይ ነው፣ ጉባኤ መኖሩንም አልሰማም። ቁጥሩን የቆረጠው አካል ከአዳራሹ ውጭ ስለሆነ የማዶው ዳኛ ሁለቱን ድሆች እርስ በርሳቸው ከማስመዘን ሌላ መውጫ ያለው አይመስልም። አንድ መውጫ ግን አለው፦ ቁጥሩ እንደማይበቃ በቃለ ጉባኤ አስጽፎ፣ ደብዳቤው አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ እንዲሄድ ማድረግ። መልስ ላይመጣ ይችላል። ምላሹ እስኪመጣ ስም ማውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ ሊወጣ የታሰበው ገበሬ አስቀድሞ ሊጠራ ይገባዋል፤ ወንበሩም ከእናቲቱ ወንበር ጎን ይቀመጥ።