ክኒኑን መተው ተወኩል ነው?



ከወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ለአእምሮ ሕመም ክኒን እወስዳለሁ። ድምፅ መስማቱም ጥርጣሬውም ጠፍቷል። አሁን ደህና ነኝ። በአላህ ከተመካሁ ክኒኑን ለምን አልተውም?»

እንደ ሃሎፐሪዶልና ሪስፐሪዶን ያሉ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያበርዳሉ። ሙሉ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሲቋረጡም ሕመሙ በማግስቱ ላይመለስ ይችላል፤ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ይመጣል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑን ትቶ አንድ ሳምንት ደህና ሲያድር «ድኛለሁ» ይላል።

ሸሪዓችን ዐቅሉን ካጣ ሰው ላይ ቀለሙን አንስቷል። ታሞ ሳለ በተናገረው አይጠየቅም። «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ብሎ የሚወስነው ግን መቼ ነው? ዐቅሉ ሲመለስለት ነው። ስለዚህ ያ ውሳኔ አማና ነው። ዑለሞች ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች አንዱ ዐቅል እንደሆነ አስተምረዋል። አስካሪን ለዐቅል ሲል የከለከለ ዲን፣ ዐቅልን የሚጠብቅ መድኃኒት መጣልን እንዴት ተወኩል ይለዋል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ፈትቶ ሊመካ ያሰበውን ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስር እንዳዘዙት ተዘግቧል።

ማሰሩ እንዲህ ነው። ክኒኑ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር፣ እንቅልፍ ወይም ውፍረት ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪም መንገር ምሬት አይደለም፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ማቆም ካስፈለገም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። ኃይለኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከግራ መጋባት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጫትንም አስቡበት። ጫት ዶፓሚንን ይጨምራል፤ ክኒኑ ያበረደውን ጫቱ መልሶ ያቀጣጥለዋል። ረመዷን ከመግባቱ በፊትም ሐኪማችሁን አማክሩ። የመውሰጃው ሰዓት ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችል ይሆናል። ካልተቻለ ለታማሚ አላህ የሰጠው ሩኽሳ አለ።

ሩቅያ ይቀራ፣ ዱዓም ይደረግ፤ ክኒኑም ይቀጥል። ሁሉም ሰበብ ነው፤ ሺፋው ግን ከአላህ ነው። «ክኒኑን ካልጣልክ አልቀራልህም» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

እናንተ ጤነኞችም፣ ክኒን የሚውጠውን ወንድማችሁን «ኢማንህ ደክሟል» አትበሉት። በየማታው ውሃ ይዞ ክኒኑን የሚውጥ ሰው አማናውን እየጠበቀ ነው።

አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፣ ለአስታማሚዎችም ሶብር ይስጥልን። አሚን። ጁሙዐ ሙባረክ!