ፍርድ ካለቀ በኋላ የሚቀር ጥርጣሬ

በፍርድ ቤት ሥርዓት የተረጋገጠ ጥፋት በኅሊና ዘንድ ሳይረጋገጥ ቢቀር፣ የሰውን ነፍስ በእጁ የያዘው ባለሥልጣን ማንን ማመን ይገባዋል? ሥርዓቱን ነው ወይስ ኅሊናውን? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ብቻ የሚነሣ አይደለም። የኦሃዮ አገረ ገዥም፣ የይቅርታን ልመና የሚመረምረው ቦርድም መቀመጫቸው እኛ በስደት በምንኖርባት በኮለምበስ ከተማ ስለሆነ፣ ጥያቄው በዚህች ከተማ ብዙ ጊዜ ቀርቦ መልስ አግኝቷል። ከእነዚያ ጉዳዮች መካከል የጆን ባይርድን መርጠን ለአንባብያን ማቅረባችን፣ ነገሩ ለኅሊና አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ፈጽሞ ንጹሕ ሰው በስሕተት ተገደለ ሲባል ማዘን ቀላል ነው፤ ይህ ግን እንደዚያ አይደለም። (ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።)

በኤፕሪል ወር 1983 በሲንሲናቲ አጠገብ ኪንግ ክዊክ በተባለ አነስተኛ መደብር ውስጥ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራ የነበረ ሞንቲ ቲውክስበሪ የተባለ ሰው በዘራፊዎች ጩቤ ተወግቶ ሞተ። የአርባ ዓመት ጎልማሳና የልጆች አባት ነበር፤ የቤተ ሰቡን ኑሮ ለመደጎም ከመደበኛ ሥራው ላይ ይህን የሌሊት ሥራ ጨምሮ ይደክም ነበር። ከምእመናኖቻችን መካከል ሁለት ሥራ የሚሠራው፣ ሌሊቱን በመደብርና በነዳጅ ማደያ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ የሚያሳልፈው ስንት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ከወገኖቻችንም በዚሁ ዓይነት ሥራ ላይ ሳሉ በዘራፊ እጅ የወደቁ አሉ። ስለዚህ ስለ ገዳዩ ምሕረት ስንናገር በሟቹ ቦታ ልንቆም እንችል የነበርን ሰዎች መሆናችንን ሳንዘነጋ ነው።

በዚያው ሌሊት ሦስት ሰዎች ተያዙ። ባይርድና ጆን ብሩወር፣ ከእነርሱም ጋር ሦስተኛ ግብረ አበራቸው ነበሩ። ሦስቱም በዝርፊያው መኖራቸው ብዙ የሚያከራክር አልነበረም። ክርክሩ በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ ይኸውም ጩቤውን የሰነዘረው የማን እጅ ነው የሚለው ነው። በዚህ ነገር ለሞት የሚያበቃው በገዛ እጁ መግደሉ ሲሆን፣ አብሮ የዘረፈው እስከ ዕድሜ ልክ በሚደርስ እስራት ያመልጣል። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ወንጀል፣ በሁለት ሰዎች መካከል ሞትና ሕይወት የተለየው በዚህች ነጥብ ነው።

ነጥቧም የተወሰነችው በአብዛኛው በእስረኛ ምስክርነት ነው። ከባይርድ ጋር በአንድ ወህኒ የነበረ ሰው ቀርቦ፣ «የገደልሁት እኔ ነኝ ብሎ ነግሮኛል» አለ። የባይርድ ጠበቆች ይህ ምስክር ለራሱ ጥቅም ሲል የመሰከረ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል። ጁሪ የሚባሉት ፈራጆች ግን ምስክሩን አመኑ፤ ባይርድም በዚያው ዓመት ሞት ተፈረደበት።

ከስድስት ዓመት በኋላ በ1989 ብሩወር በመሐላ በሰጠው ቃል «ሰውየውን የወጋሁት እኔ ነኝ» አለ። ይህ ቃል በጠበቆች ዘንድ ተቀምጦ ቆይቶ ፍርድ ቤት የደረሰው በ2001 ነው። ዳኞቹ፣ እውነት ከሆነ ለምን አሥራ ሁለት ዓመት ተደበቀ ብለው መጠየቃቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ደግሞም ብሩወር ቀድሞ ተፈርዶበት ስለ ነበር፣ ስለዚያው ነፍስ ሁለተኛ ሊከሰስና ለሞት ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ የተናገረው ቃል ምንም አያስከፍለውም። ጉዳዩን መርምር የተባለው የፌዴራል ዳኛ ምስክሮቹን ሰምቶ የብሩወር ቃል የሚታመን አይደለም ሲል ወሰነ። አገረ ገዥው ቦብ ታፍትም የምሕረቱን ልመና አልተቀበሉም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ሁለቱን ምስክሮች ጎን ለጎን እናቁማቸው። አንደኛው በሌላው ላይ መስክሮ ጥቅም ያገኝበታል የተባለ ሰው ነው፤ ሁለተኛው በራሱ ላይ መስክሮ ምንም የማይጎዳ ሰው ነው። ሁለቱም ቃላቸው ዋጋ አላስከፈላቸውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቃል ሰውን ለመግደል በቂ ሆኖ ሲገኝ፣ የሁለተኛው ቃል ሰውን ከመገደል ለማስጣል በቂ ሳይሆን ቀረ። ሚዛኑ በዚህ ቦታ ተዛብቷል ብንል የሕግ ዐዋቂዎች ይቈጡን ይሆናል፤ እነርሱ እንደሚሉት የመጀመሪያውን የመዘነው ጁሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ የተዘጋውን በር የማስከፈት ሸክም በራሱ ላይ ነው። ሕጉ እንደዚያ መሆኑን እናውቃለን። የምንጠይቀው ግን ሕጉ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ባይርድ ለሞት ሲጠራ አማራጭ ነበረውና ግድያው ምን ያህል ጭካኔ እንደ ሆነ እንዲታይ የኤሌክትሪክ ወንበርን መረጠ። የኦሃዮ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በ2001 መጨረሻ ወንበሩን ከሕግ አስወጣው፤ እርሱም በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2002 በሉካስቪል ወህኒ ቤት በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ተገደለ። ወንጀሉ ከተፈጸመ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ያ ወንበር ቀድሞ የነበረው በዚሁ በኮለምበስ፣ በስፕሪንግ ጎዳና በነበረው አሮጌ ወህኒ ቤት ነው፤ ከ1897 እስከ 1963 ድረስ 315 ሰዎች ተቀምጠውበት ሞተዋል። ወህኒ ቤቱ ዛሬ የለም፤ በአካባቢው ልጆቻችን የበረዶ ላይ ጨዋታ ሊያዩ የሚሄዱበት ትልቅ አዳራሽ ቆሟል።

ይህን ጉዳይ ከወገኖቻችን ጋር ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ አለ። «በአገራችን በኖቬምበር 1974 ስድሳ ያህል የመንግሥት ሰዎች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ሲረሸኑ አይተናል። ይህ ሰው ግን ጠበቃ ቆሞለት፣ ይግባኝ ብሎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከራክሮ ሞተ፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት?» ይላሉ። መልሱ ክብደት አለው፤ በላ ልበልሃ ተባብሎ የመሟገትን ዋጋ ያጣው ሰው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የችሎት ርዝመት የእውነት መለኪያ አይደለም። ረጅም ክርክር የሚያረጋግጠው ሥርዓቱ መጠበቁን እንጂ ምስክሩ አለመዋሸቱን አይደለም። በመጽሐፈ ሶስና የሆነውን እናስብ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች መሰከሩ፤ ጉባኤውም አመናቸው፤ ፍርዱም ተፈጸመ ተባለ። ዳንኤል የተነሣው ሴቲቱ ወደ ሞት እየተወሰደች ሳለ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ለይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ሲጠይቃቸው ቃላቸው ተለያየ። ሕዝቡ «ጉዳዩ አብቅቷል» ብሎ አልከለከለውም፤ ተመልሶ ተቀመጠ እንጂ።

ፍርድ የሚጠይቀው «ተረጋግጧልን?» ብሎ ነው። ምሕረት የሚጠይቀው ሌላ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየፍርድ ቤቱ የተረታ ሰው ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር፤ በ1957 የወጣውም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሞት ፍርድ ንጉሠ ነገሥቱ ሳያጸድቁት እንዳይፈጸም ደንግጎ ነበር። ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አንልም፤ በደጅ ጥናት ዕድሜውን የጨረሰ ስንቱ ነው! ነገር ግን ከዳኛ በላይ ሌላ ዳኛ ለመጨመር ሳይሆን፣ ዳኛ ሊያደርገው የማይችለውን የሚያደርግ አካል እንዲኖር ማሰቡ ትክክል ነበር። አገረ ገዥም እንዲሁ ነው። ንጹሕነትህን አረጋግጥልኝና እምርሃለሁ የሚል ባለሥልጣን ምሕረት የሚለውን ቃል አልተረዳውም፤ ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ሰው ምሕረት አያስፈልገውም፤ የሚገባው ካሣ ነው። በባይርድ ጉዳይ ስሕተት ተፈጽሟል ብለን የምናምነውም ብሩወርን ባለማመናቸው አይደለም። ላናምነውም እንችል ይሆናል። የምሕረቱ ሸንጎ ፍርድ ቤቶቹ የጠየቁትን ያንኑ ጥያቄ ደግሞ መጠየቁ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ አለ። በጥርጣሬ ምክንያት ምሕረት ከተደረገ፣ ዕድሜ ልክ የታሰረ ግብረ አበር ሁሉ እየማለ ባልንጀራውን ያድናል፤ የሟች ቤተ ሰብስ ደም ተመልካች ያጣል? እውነት ነው፣ ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በምሕረት የሚለወጠው ቅጣት እንጂ ነጻ መውጣት አይደለም፤ ባይርድ ቢማር ኖሮ ከወህኒ አይወጣም ነበር። የዋሸ ሰው ያተረፈው የታሰረ ሰው ሕይወት ብቻ ይሆናል። በዚያኛው ወገን የሚደርሰውን ስሕተት ግን የሚመልሰው የለም። ደግሞም ምሕረት ጥርጣሬ ለሌለበት ጥፋት እንኳ ሲሰጥ አይተናል። በ2011 የሃያ ሦስት የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ከዚያ አስቀድሞ የሃይማኖት አባቶች እንዲማሩ ጠይቀው ነበር። በዚህ የተቈጡ ነበሩ፤ ቍጣቸውንም ማንም ሊነቅፍ አይገባውም። ጥፋታቸው ስለ ተረሳ ግን አልነበረም የተማሩት።

በኦሃዮ ከጁላይ 2018 በኋላ የሞት ፍርድ ሳይፈጸም ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ግን አልተሻረም፤ የተፈረደባቸውም በየክፍላቸው አሉ፤ ስለዚህ የምሕረት ልመና ላይ ፈርሙ የሚል ወረቀት በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ስለ ምስክሮች የምናስበው ነገር ይኖረናል። በአገራችን የወንጀል አድራጊ ሲጠፋ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ያየ እንዳይደብቅም ካህኑ ይገዝት ነበር። የሚፈራው የሰው ቅጣት ብቻ ሳይሆን እውነትን ይዞ መሞት ነበር።

በክሊቭላንድ በ1975 ሪኪ ጃክሰንና ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምስክርነት ሞት ተፈርዶባቸው፣ ፍርዱም ኋላ በእስራት ተለውጦላቸው ነበር። ልጁ አድጎ፣ ጎልምሶ፣ ታምሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሊጠይቀው ለመጣው ፓስተሩ ምንም ሳያይ እንደ መሰከረ አለቀሰና ነገረው። ፓስተሩም ቃሉን በፍርድ ቤት እንዲሰጥ ረዳው። ጃክሰን በኖቬምበር 2014 ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ከወህኒ ወጣ፤ ቅጣቱ አስቀድሞ ባይለወጥ ኖሮ ያ ኑዛዜ ሲመጣ የሚወጣ ሰው አይኖርም ነበር።