ነጭ ማር ፍለጋ ለሚመጣው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ አሜሪካን አገር አሮጌ የቡርቦን ውስኪ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር እንደከረምክ፣ አሁን ደግሞ ወደ ከፋ መጥተህ ብርቅ ማርና የቆየ ጠጅ ልትፈልግ እንዳሰብክ እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። የአያቶችህን አገር በምላስህ ልታውቀው መነሣትህ መልካም ነው። ብቻ ሻንጣህን ሳትቋጥር ጥቂት ልምከርህ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና ተረቴ ቢበዛብህ ታገሠኝ።

አንተ የለመድከው ፍለጋ ጠርሙስ ማንበብ ነው። አንገቱ ላይ የቀረጥ ወረቀት ከተለጠፈበት እ.ኤ.አ. ከ1985 በፊት የታሸገ ነው ትላለህ። መስታወቱ ላይ ጠርሙሱን መሸጥም ሆነ ዳግም መጠቀም በሕግ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ከታተመበት ደግሞ ከ1935 እስከ 1964 ባለው ዘመን የተሠራ መሆኑን ታውቃለህ። በርሜል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የተኛ ቡርቦን ጠርሙስ ከገባ በኋላ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥም ያው የአሥራ ሁለት ዓመት ቡርቦን ነው፤ መስታወት አያስረጀውም። ስለዚህ እዚያ ያለፈን ዘመን ቆልፎ ያስቀመጠ ዕቃ መፈለግህ ልክ ነው።

እዚህ ግን እንደዚያ ብለህ ከመጣህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብሃል። ማር ሳይበላሽ ብዙ ዘመን ይቀመጣል፤ ነገር ግን ዓመት በቆየ ቁጥር ይጠቁራል፣ የአበባው ሽታም እየራቀው ይሄዳል። ጠጅ ደግሞ ሕያው ነገር ነው፤ አየር ካገኘው ይኮመጥጣል። «የአባቴ ዘመን ጠጅ አለኝ» የሚልህ ቢመጣ አመስግነህ እለፍ። የእኛ ብርቅ ያለው በዛፉና በወሩ ላይ ነው። የዘንድሮ ነጭ ማር የዘንድሮ ነው፤ ካመለጠህ የሚመጣውን ዓመት ትጠብቃለህ።

ከፋ ውስጥ ማር አንድ አይደለም። ግራዋ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያብባል፤ ማሩ ጠቆር ያለና መረር የሚል ነው። ቅጠሉ የጋንና የእንስራ ማጠቢያ መሆኑን ከእናትህ ጓዳ ታውቀዋለህ፤ ያች ምሬት አበባው ውስጥም አለች። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በየካቲትና በመጋቢት ነጭ ይለብሳል፤ ግን ለጥቂት ቀን ነው። ከዚያ የጌተም ተራ ይመጣል፤ አንተ የምትፈልገው ነጭ ማር የእሱ ነው።

ጌተምን ልታየው ይገባል። ብዙ ጊዜ ኑሮውን የሚጀምረው መሬት ላይ አይደለም። ወፍ የጣለችው ዘር ሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅልና ሥሩን ቁልቁል ወደ መሬት ይሰዳል። ሌላ ያሳደገው ዛፍ ነው እንግዲህ፤ ያ አሳዳጊ አሮጌ ዛፍ ከተቆረጠ ጌተምም የለም። አበባው በየዓመቱ እኩል አይሆንም። ደህና ባበበበት ዓመት ማሩ በግንቦትና በሰኔ ይቆረጣል፤ ሲወጣ ፈካ ያለ ነው፣ ሰንብቶ ሲረጋ እንደ ቅቤ ነጭ ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ፤ የረጋ ማር የተበላሸ ማር አይደለም። ከተማ ያለው ገዢ «ስኳር ገብቶበታል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ነጋዴውም ይህን ፈርቶ እሳት ላይ ጥዶ ያቀልጠዋል። ያን ጊዜ ማሩ ሞተ፤ ጣፋጭነቱ ቢቀርም ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ሄዷል። ጌተም ሲረጋ ልስልስ ብሎ፣ ፍሬው ደቆ ነው የሚረጋው። በጣትህ ቆንጥረህ ምላስህ ላይ አኑረው፤ አትዋጠው፣ ራሱ ይቅለጥ። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይልሃል፣ ቀጥሎ ጣፋጩ ይመጣል፣ ጉሮሮህን ግን አይቧጭርም። ጢስ ጢስ ካለህ ቆራጩ ጭሱን አብዝቶበታል። አፍንጫህን እርሾ እርሾ ካለው ደግሞ ንቧ በሰም ሳትከድነው ተቻኩለው የቆረጡት ነው። ውሃው ከ20 በመቶ ካለፈ ዓለም አቀፉ ደረጃም አይቀበለውም፤ ሰንብቶ ይቦካል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለቀበቶ ብቻ አይደለም። ክብሪት ጭሮ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ማር የሚፈትን ሰው ብዙ ታያለህ፤ ብልጥ ነጋዴ ሁሉንም ያልፈዋልና አትመነው።

ታዲያ ምን ልመን ትለኛለህ። ሰውየውን እመን። አንተ ጋ እንኳ በአሮጌ ጠርሙስ አዲስ መጠጥ ሞልቶ የሚሸጥ አለ። ኬንታኪ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከሰው ቤት የወጣ አሮጌ ጠርሙስ ፈቃድ ያለው ሱቅ ገዝቶ እንዲሸጠው ስትፈቅድ፣ ገዢው ማንን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ አድርጋለች። እዚህም ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ከተማ ላይ የማር አምራቾች ዩኒየን አለ፤ የኢትዮጵያ ማር እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዲገባ ከተፈቀደ ወዲህ የደን ማር ጥራት በወግ እየተለካ ነው። ለቤትህ የምትወስደውን ከዚያ ግዛ። ማወቅ ከፈለግህ ግን ወደ ንብ አርቢው ሂድ።

ወደ እሱ ስትሄድ በዋጋ አትጀምር። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ። ቀፎው የተሰቀለው አንገትህን ቀና አድርገህ በምታየው ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። ሰውየው ማታ፣ ጨለማ ሲሆን፣ በገመድ ተሳቦ ይወጣል፤ ጭስ የያዘ እጁን አስቀድሞ፣ በሌላው ግንዱን አቅፎ። ያ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ጫካ ውስጥ ስለቆመ ባለቤት የሌለው እንዳይመስልህ። ሙያ በልብ ነውና ብዙ አይናገርም። አንተም አትቸኩል፤ ቡና ከቀረበልህ ሦስቱንም ጠጣ። ስልክህን አውጥተህ ፎቶ ከማንሣትህ በፊት አስፈቅድ። ማሩን ሲያቀምስህ በቀኝ እጅህ ተቀበል፤ ካልወደድከው «ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» በል እንጂ ፊትህን አታጨፍግግ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

ስለ ጠጁ ደግሞ። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ፣ ከዚያ ጌሾ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ልዩነቱ ጋኑ በምን እንደታጠነና ማሩ የየትኛው አበባ እንደሆነ ነው። ጠጅ ቤት ከገባህ በብርሌ ይቀዳልህ፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ሰብስቦ ወደ አፍንጫህ ያመጣልሃል። የማር ጠጅ ላይ የጌሾው ምሬት ከጣፋጩ በኋላ ይመጣል፣ ቆይቶም ይሄዳል። በስኳር የተጣለው ጠጅ ግን ቢጫነቱ ብቻ ያምራል፤ ጠጥተኸው ስታበቃ አፍህ ውስጥ ምንም አይቀርም፣ የሚቀረው በማግስቱ ራስ ምታት ነው። ያገኘኸውንም ደብቀህ ለብቻህ አትቅመስ። አንተ ያላየኸውን ጎንህ የተቀመጠው ሽማግሌ ያየዋል፤ የየትኛው ወር ማር እንደሆነ በአንድ ጉንጭ የሚነግሩህ ሰዎች አሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠርሙስህ አንድ ጊዜ ከተጠጣ አለቀ፣ ማንም አያዝንም። ይህ ማር ግን ደኑ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚመጣው። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መዝገብ ግን ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ዛፉን የሚያቆመው የወጣበት ሰው ማሩን በደህና ዋጋ መሸጡ ነው። ስለዚህ አርቢው የጠራልህን ዋጋ እንደ ገበያ በርበሬ አትከራከረው። ያለውን ሁሉ ጠቅልለህ አትግዛ፤ ለልጆቹ ለቁርስ የሚሆን፣ ለሚስቱም ለጠጅ የምትጥለው ይቅርለት። ቀፎው ውስጥም ለንቧ እንዲተውላት ጠይቀው፤ ክረምቱ እዚህ ረጅም ነው።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ና፤ መንገዱ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ቀን ልጨርሰው ብለህ አትሽቀዳደም። ግንቦት ሲገባ ደውልልኝ፤ ጌተሙ ዘንድሮ እንዴት እንዳበበ አርቢዎቹን ጠይቄ ቀኑን እነግርሃለሁ። ቦቲ ጫማና የዝናብ ካፖርት አትርሳ፤ ለሰውየው ደግሞ ጠንካራ ገመድ ይዘህለት ና፣ ከስጦታ ሁሉ እሱን ይወደዋል።