የናሱ እባብና የዘመናችን አክራሪነት

ግብዝነት ማለት የውስጡን ሰውሮ የውጭውን ማሳመር ነው። ጣዖት ማምለክም ለፈጣሪ የሚገባውን ክብር ለሌላ መስጠት ነው። እነዚህ ሁለቱ በሃይማኖት ስም ሲጣመሩ መንፈሳዊ ቅንዓት መስለው ይታያሉና፥ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ፥ ለሕዝቡም መዳኛ የነበረ ነው። ነገር ግን እስራኤል ዕጣን ያጥኑለት ስለ ነበር ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ከዚህ የምንማረው፥ ጣዖት ሁሉ ከክፉ ነገር እንደማይጀምር ነው፤ ከእግዚአብሔር የተቀበልነው ስጦታም የሰጪውን ስፍራ ሲይዝ ጣዖት ይሆናል።

በአሜሪካ ከ1910 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. የእምነትን መሠረት ለመጠበቅ ታስበው «መሠረታውያን» የተባሉ 12 ቅጾች ታትመው ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ የወጣው ስም የአክራሪነት መጠሪያ ሆኗል። እኛም ይህ የሌሎች ነገር ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። የዐቢይን ጾም 55 ቀን ጾመን የወንድማችንን ሥጋ በሐሜት ብንበላ፥ ጾሙን አመለክነው እንጂ አምላክን አላመለክንበትም።

በዋግ ኽምራ፥ በሰቆጣ አጠገብ፥ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። አባቶች ይህን የደከሙበት ለአለቱ እንዲሰገድ አይደለም፤ ሰው በውስጡ ፈጣሪውን እንዲያገኝ ነው እንጂ። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በሰቆጣ ተጠልለው ነበር። እንዲህ ያለ ወገን በደጃችን ሲቆም፥ እንጀራ ከመቍረሳችን በፊት «ከማን ወገን ነህ? ሃይማኖትህስ ምንድር ነው?» ብለን የምንመረምር ከሆነ፥ የምናመልከው ማንን ነው? ጣዖት የሚታወቀው ሰውን መሥዋዕት አድርጎ በመጠየቁ ነው፤ ክርስቶስ ግን ስለ ሰው ራሱን መሥዋዕት አደረገ።

ምናልባት «ሃይማኖት ያለ ጽናት ይጠበቃልን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይጠበቅም። ነገር ግን ጽናት በራስ ላይ ሲሆን፥ ጭካኔ በባልንጀራ ላይ ነው። ሰማዕታት ስለ እምነታቸው የገዛ ደማቸውን አፈሰሱ እንጂ የሌላውን አላፈሰሱም።

እንግዲህ ሕዝቅያስ እባቡን ሰበረ ብለን ጾሙንና ሥርዓቱን እናፍርስ አንልም፤ ጾም የረኃብተኛውን ጭንቅ እንድናውቅበት የተሰጠን ነውና። ሊሰበር የሚገባው፥ በጾማችንና በስግደታችን ተመክተን ባልንጀራችንን የምንንቅበት ትዕቢት ነው። እርሱንም ለመስበር የሌላውን ቤት መፈተሽ አያሻም፤ ከየልባችን መጀመር ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።