እንዴት አደርክ?

ስለ እንቅልፍ የሚመክር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ስልክን ነው። ስልክህን አጥፋ፣ ከመኝታ ቤት አውጣው፣ ከመተኛትህ አንድ ሰዓት በፊት አትንካው። ምክሩ ስህተት የለበትም። የስክሪን ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ሰውነታችን መሽቷል ብሎ የሚያመነጨውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገየዋል። እኔ ግን ምክሩን በሰማሁ ቁጥር 2012 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል፤ ወለጋ ውስጥ ስልካችንን ሌላ ሰው ያጠፋልን ዓመት።

ታኅሣሥ ሊያልቅ፣ ገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ነቀምት ያለነው ትንሽ እንሻል ነበር፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ስልክ ይሠራል። ግን ለማን ይደወላል? አያቴ፣ አኮ ነው የምንላት፣ ያለችው ጊምቢ ነው፤ ከእኛ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ። እናቴ በየማታው ትደውላለች፣ ያቺ የተቀዳች ሴትዮ በየማታው ያንኑ ትመልስላታለች። መጋቢት 4 ቀን አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ እንኳ አኮ ወሬውን ትስማ አትስማ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። መስመሩ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው።

በምክሩ ከሄድን ያ ጊዜ ወርቃማው የእንቅልፍ ዘመናችን መሆን ነበረበት። ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ማታ 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ነኝ። ከዚያ ጣሪያ ማየት ነው። ውሻ ይጮኻል፣ ጆሮዬ ይቆማል። ከ4 ሰዓት በኋላ ባጃጅ ካለፈ፣ በዚህ ሰዓት ማን ነው፣ ወዴት ነው እያልኩ ድምፁ እስኪጠፋ እከተለዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ እናቴ ተነስታ የበሩን መቀርቀሪያ ስትነካው ይሰማኛል። ከግማሽ ሰዓት በፊትም ነክታዋለች።

ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እንሄድ ነበር፤ እኛ ብቻ ሳንሆን ብዙ ሰው። ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ የመጣ መንገደኛ ሲወርድ ይከበባል። የካቲት ላይ አንድ ቀን ከአኮ ሰፈር የመጣ ሰው የተጣጠፈች ወረቀት አመጣልን። የጎረቤት ልጅ ነው የጻፈላት፤ ደህና ነኝ፣ ላሟም ወልዳለች፣ ይላል በአጭሩ። በማግስቱ እናቴ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ሳትነሳ ቀርታ የማታውቀው ሴትዮ፣ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኛች። አሟት መስሎኝ ሄጄ አየኋት። አልጋው ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ማታ የጠጣችው ቡናም ያው ነው። የተለወጠው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደርክ?» እንላለን፤ በኦሮምኛም «አካም ቡልተ?» ያው ሌሊቱን ነው የሚጠይቀው። ይሄ የታወቀ ነው። ግን «አስተዳደር» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከዚሁ ከ«አደረ»። ኦሮምኛውም «ቡልቺንሳ» ሲል «ቡሉ» ከሚለው፣ ከማደር ነው የሚያወጣው። አንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የሚነገሩ ሁለት ቋንቋዎች፣ መንግሥትንም ቤተሰብ የሚመራ አባወራንም በአንድ ዓይን ነው ያዩት፦ ሰው እንዲያድር ማድረግ። ቀኑን ሰው በራሱ ይወጣዋል፤ ሌሊቱን ግን የሚያሳድረው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። የተኛ ሰው እኮ ራሱን መጠበቅ አይችልም። ዓይንህን ስትጨፍን ለስድስት ሰባት ሰዓት ነፍስህን ለሌሎች አደራ እየሰጠህ ነው።

ስለዚህ እንቅልፍ ማጣት የግል ስንፍና ነው የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ያናድደኛል ብቻ ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዓመታት ጥሩ ሰበብ ሆኖኝ ኖሯል። በቅርቡ ግን አንዲት ጓደኛዬ «መስመሩ ከተመለሰ ስንት ዓመቱ ነው? አሁን ማን ነው የማያስተኛህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተር ገዛሁና ለ14 ቀን መዘገብኩ፤ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ሰዓት ነቃሁ፣ ቡና መቼ ጠጣሁ፣ ከመተኛቴ በፊት መጨረሻ ያየሁት ምንድን ነው።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከ14ቱ ቀን እዚያ የደረስኩት አራቱን ብቻ። ቡናው አንዱ ምክንያት ነው። ካፌይን በብዙ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጎረቤት የጠጣሁት አቦልና ቶና እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ከእኔ ጋር ነው። (ወለጋ ተቀምጠህ ቡና በቃኝ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ታመሃል እንዴ ነው የሚሉህ።) መጨረሻ ያየሁት በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ ዘጠኙን ሌሊት «ወሬ» ብዬ ጽፌያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። በ2012 ወሬ ማጣት ነበር ያሳጣኝ እንቅልፍ፣ አሁን ወሬ ማግኘት።

ይሄን ሁሉ ማስተካከል ይቻላል፤ ቡናውን ወደ ቀን 9 ሰዓት መልሻለሁ፣ ስልኩ ሳሎን ነው የሚያድረው፣ ለውጡም ይታወቀኛል። የማልረሳው ግን ደብተሩ ላይ ያለውን 11ኛውን ሌሊት ነው።

የዚያን ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና ላይ ተተኩሷል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከየት እንደመጣ አላጣራሁም። ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፣ ይወቁት ብዬ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ከዚያ ቀለል አለኝና ተኛሁ።

አክስቴ ልጇ ያን ቀን በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጓደኛው ቤት በሰላም ተኝቷል፤ መንገዱም አልተዘጋም፣ የተተኮሰም የለም። እሷ ግን እስኪነጋ ተቀምጣ ደወለች። ጠዋት እናቴ ናት የነገረችኝ፣ እኔ ደብተሩን ሞልቼ ከጨረስኩ በኋላ። ገጹ ላይ በእጄ ጽሑፍ «7 ሰዓት ተኩል፣ ጥሩ» ይላል። ከአራቱ ጥሩ ሌሊቶች አንዱ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ዓይኗ ቀልቷል። በሩን ከፍታ፣ እንደ ሁልጊዜው ጉንጬን ስማ፣ «እንዴት አደርክ ልጄ?» አለችኝ።

«ደህና» አልኳት።