ልጁን ከማን ጋር ትተን መጣን? (በጾመ ፍልሰታ ለወላጆች)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነሐሴ 1 ቀን የጀመርነው ይህ የ15 ቀን ጾም ለእኛ ለወላጆች ሌላም ሐሳብ የሚበዛበት ጊዜ ነው። መስከረም እየቀረበ ነው። በመካነ ሰላም ከተማ በትምህርት ቤት ዙሪያ በዚህ ሰሞን ብታልፉ፣ ከቦረና ገጠር የመጣ ገበሬ «የሚከራይ ክፍል አለ?» እያለ በር ሲያንኳኳ ታገኙታላችሁ። አቅም ያለው ደግሞ ኪራዩ ሲሰለቸው በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮም ቢሆን፣ ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት ይገዛል። አንዱ ቤት ለእርሻው፣ አንዱ ቤት ለልጁ።

ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ማንስ ይወቅሳል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ በመላ ሀገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ይህን ያየ ወላጅ «ልጄ ትምህርት ወዳለበት ይጠጋ» ቢል ፍቅር ነው።

ነገር ግን መጠጋት ብቻውን አያስተምርም። የራሳችንን የቦረናውን አባት፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን አስቡ። አባቱ ለትምህርት የሰጠው ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በዚያ ዘመን ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል? ገድሉ እንደሚነግረን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ አልገባው አለ። እህል እየፈጨ መነኮሳቱን ያገለግል፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይለምን ነበር። በኋላ ነው እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና ያጠጣችውና መጽሐፈ ምሥጢርን፣ አርጋኖንን የደረሰልን። ከመምህሩ ደጃፍ ሆኖም ሰባት ዓመት ፈጅቷል እኮ! የዛሬ ልጅ አንድ ሰሚስተር ቢሰንፍ ታዲያ ምነው እንዲህ የምንሆነው?

የራሴን ልናገር። ትልቁ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከተማ ክፍል ተከራየሁለት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ሽሮውን በአህያ ጭኜ እሄዳለሁ። «ትምህርት እንዴት ነው?» እለዋለሁ፤ «ደኅና ነው» ይለኛል። ኪራይ ከፍዬ፣ ገበያዬን ገብቼ እመለሳለሁ። አባትነቴን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ በሁዳዴ ነው፣ ልወጣ ስል የቤቱ ባለቤት ከበር ላይ ጠሩኝ። ሙስሊም እናት ናቸው። «መምሬ፣ አንዴ ይስሙኝ። ልጁ ሰሞኑን ትምህርት ቤት አልሄደም። ሌሊት ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። ጾመኛ ነው ብዬ ሽሮ በዘይት ሠርቼ ብሰጠውም አይበላልኝም። ወላሂ ጨነቀኝ። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ አባቱ እርስዎ ነዎት» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ለካስ ልጁ ሁለት ትምህርት ወድቆ «አባዬ በሬ ሸጦልኝ» እያለ ሲፈራኝ ኖሯል። ያመጣሁት ድርቆሽ ሳይነካ በጆንያው ተቀምጧል። ያን ሌሊት አብሬው አደርሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ነው የተናገረው። ዓመቱን ደገመ፤ ምንም አይደለም።

ሐናን ተመልከቱ (1ኛ ሳሙ. 1-2)። ለምና ያገኘችውን ሳሙኤልን ለካህኑ ለዔሊ ሰጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። የተወችው በእግዚአብሔር ቤት ነው። ሆኖም የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ያን ሁሉ በደል የሚፈጽሙት እዚያው ነበር። ሐና ግን በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ለሚያድግ ልጅ ልብስ የሚሰፋ ሰው ልኩን ማወቅ አለበት። ስንት ስንዝር ጨመረ? ትከሻው ሰፋ ወይ? እኛ የልጃችንን ማርክ እናውቃለን፤ ልኩንስ?

እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍም ጌታ ከዘመድ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል (ሉቃ. 2፥44)። እኛም «አክስቱ ከተማ አለች፣ ጓደኞቹ የሀገር ልጆች ናቸው» እንላለን። እነርሱ ሲያጡት እየፈለጉ ተመለሱ። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ወደ ፊት እንሄዳለን።

ታዲያ ቤት አትግዙ አልልም። ነገር ግን የቆርቆሮውንና የውኃውን ነገር ስትጠይቁ፣ የየትኛው ደብር አጥቢያ እንደሆነም ጠይቁ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ከካህናቱ ጋር አስተዋውቁት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አስመዝግቡት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሆነ ግቢ ጉባኤውን ያግኝ። ስንቅ ስታደርሱም እደሩ። በፍልሰታ ቤታችንን ዘግተን፣ ለነፍሳችን ብለን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሱባዔ የምንይዝ ሰዎች አይደለንም እንዴ? ዘንድሮ ልጁንም ይዛችሁ ግቡ፤ ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ አብሯችሁ ይቁረብ።

ሌላም አለ። ቤት የገዛችሁ ሰዎች፣ ክፍሏ ለአንድ ልጅ ትሰፋለች። ኪራይ አጥቶ ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ልጅ ከመንደራችሁ አታጡም። የሚያስፈልገው አንድ ፍራሽና ከስንቁ ላይ ጥቂት ጭማሪ ነው። ይህም ከጾሙ ምጽዋት ይቆጠራል።

አሁን ተራው የታናሹ ልጄ ነው። አባቱ የሞተበት የጎረቤቴ ልጅ አብሮት ይገባል። ጳጉሜን ሲመጣ ሁለቱን ይዤ እወርዳለሁ፤ እኚያ እናትም «መቼ ነው የምትመጡት? ክፍሉን ልጥረገው» ብለው ልከውብኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።